የጀልባው ጣሳ ውሃ

አዋላጇ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ስትወጣ የሻርፗ አንድ ጫፍ ከትከሻዋ ተንሸራቶ መሬት እየጠረገ ይከተላት ነበር። አላስተዋለችውም። ዳቦ ጋጋሪው ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ ዱቄት የነካ እጁን አፉ ላይ ሰብስቦ፣ «እትዬ፣ የማን ምጥ ነው?» ሲል ጮኸባት። እሷ ከሮጠች የከተማው ሰው የሚያስበው ያንኑ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ በሩጫ የሄደችበት ሌላ ጉዳይ አልነበራትም።

«የራሴ!» አለችው ሳትዞር።

ጋጋሪው ከት ብሎ ሳቀ። በዚህ ዕድሜዋ የራሷ ምጥ! እሷ ግን ለቀልድ የሚሆን ትርፍ ትንፋሽም አልነበራትም። ውስጥ የገባ ነገር በጊዜው ካልወጣ ሰው እንደሚገድል ከማንም ይልቅ ታውቃለች፤ እንጀራዋ እሱ ነው።

ነገ ጠዋት የእህቷ ልጅ ታገባለች። ልጅቱን ሚጢጢ ይሏታል። ስትወለድ ከወንድ ጫማ አትበልጥም ነበርና አክስቷ ያወጣችላት ስም ነው፤ ዛሬ በር ስታልፍ አንገቷን ጎንበስ የምታደርግ መለሎ ሆናም ስሙ አልለቀቃትም። እናቷ በወለደቻት በሳምንቱ አረፈች። ጡጦ የያዘች፣ ፀጉር ያበጠረች፣ ፊደል ያስቆጠረች፣ ስታኮርፍ ያባበለች አክስቷ ናት። እናት ማለት ይህ ካልሆነ ምን እንደሆነ አዋላጇ አታውቅም፤ እንዲነግሯትም አትፈልግም።

ለሰርጉ የቀረ ነገር አልነበረም። ሙሽሮቹ የቆሞሱን የጋብቻ ትምህርት ጨርሰዋል፤ ንስሐም ገብተዋል። በሦስት ተከታታይ እሑዶች ቆሞሱ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «እነዚህ ሁለቱ እንዳይጋቡ የሚያግድ እንቅፋት የሚያውቅ ሰው ካለ በእግዚአብሔር ፊት ይናገር» ብለዋል። በሦስቱም እሑድ አንድ ሰው እንኳ አልሳለም። አዋላጇ በሦስተኛው እሑድ እፎይ ብላ ቀሚሷን አስተካክላ ተቀምጣ ነበር። እንቅፋቱን የምታውቀው ራሷ መሆኗን ያኔ ማን ነግሯት!

የነገራት ሙሽራው ነው። ያውም ዛሬ፣ ምሳ ላይ፣ አፉን በዳቦ ሞልቶ።

ሙሽራው የቴሌግራፍ ጓድ ሃምሳ አለቃ ነው። ሠላሳውን ያለፈ፣ ትከሻው ሰፊ፣ የናስ ቁልፎቹን በየቀኑ የሚወለውል ሰው። ጦሩ ከሰርጉ ማግስት ወደ ድንበር ይነሳል፤ ሽቦ ዘርጊዎቹ ደግሞ ከሁሉም ቀድመው ይሄዳሉ። አዋላጇ ሰውየውን ትወደዋለች ማለት ይከብዳል። አንድ ነገሩ ያሳስባት ነበር። ማዕድ ሲባረክ ፊቱ ይጠቁራል፤ ሌላው ሁሉ «አሜን» ሲል እሱ ከንፈሩን ገጥሞ ሳህኑን ያያል። «ሃይማኖት የለሽ እንዳይሆን» ብላ አንድ ሁለቴ ለሚጢጢ ሹክ ብላት ነበር። ሚጢጢም፣ «አክስቴ ደግሞ! ሰው ራበው ማለት ነው» ብላ አሳቀቻት።

ዛሬ ቀትር ላይ እሱ ጠረጴዛው ጋ፣ ሚጢጢ መሶብ ከሚያህል የአበባ ክምር ኋላ፣ እሷ ደግሞ የከሰል ካውያዋን ይዛ የሰርጉን ቀሚስ ዘርፍ ስትተኩስ ወሬው ስለ ወንዝ ሆነ። ሃምሳ አለቃው ልጅ ሳለ ጀልባ ላይ ይሠራ እንደነበር ተናገረ።

«በታላቁ ጎርፍ ጊዜ ሰው ስናሻግር አንዲት ሴት ጀልባችን ውስጥ ወለደች» አለ። «አብራት የነበረችው ሴትዮ በሁለት እጇ ደሟን ይዛለች። ሕፃኗ ጠቁራለች፤ አትተነፍስም። ‹አንተ ልጅ፣ አጥምቃት!› ብላ ጮኸችብኝ። በውሃ መቅጃው ጣሳ ከወንዙ ቀድቼ አጠመቅኋት።»

«ከዚያስ?» አለች ሚጢጢ።

«ከዚያማ ፊቷን ሸፍነው ይዘዋት ወረዱ። ሞተች።» ዳቦውን አስቀመጠ። «እንኳን አጠመቅኋት እላለሁ።»

የጨርቅ መቃጠል ሽታ ክፍሉን ሞላው። «አክስቴ፣ ቀሚሱ!» አለች ሚጢጢ። አዋላጇ ካውያውን ስታነሳ ዘርፉ ላይ የጣት ጥፍር የሚያህል ቡናማ ምልክት ቀርቷል። እሷ ግን የምታየው ሌላ ነበር፦ ዝናቡን፣ የጀልባውን ገመድ ሲጥ ሲጥታ፣ የእህቷን ነጭ ከንፈር፣ እና ጣሳ በሁለት እጁ ይዞ የሚንቀጠቀጥ ጎረምሳ። ሕፃኗን የሸፈነቻት ዝናቡን ፈርታ ነበር። ከጀልባው ወርዳ ጥቂት እንደተራመደች እቅፏ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ድመት ግልገል ሲያነጥስ ሰማች። ጀልባው ያኔ ሌላ ሰው ሊያመጣ ተመልሶ ሄዷል። ለሚጢጢም ቢሆን ስለ ጀልባው ነግራት አታውቅም፤ እናትሽ የሞተችው አንቺን ውሃ ላይ ስትወልድ በፈሰሳት ደም ነው ብሎ ለልጅ መንገር ምን ይጠቅማል?

ሻርፗን ከመስቀያው ላይ ነጥቃ ወጣች። «ለቃጠሎው የሚሆን ጥለት ላመጣ ነው» አለቻቸው።

አሁን ዳገቱ ላይ ናት። ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን አዋላጆችን ስታስተምር ከሁሉ አስቀድማ የምትነግራቸው አንድ ሕግ አለ፦ ሕፃን ሊሞት ሲል ማንም ሰው ሊያጠምቀው ይችላል፤ ያጠመቀው ሰው ግን በመንፈስ ወላጁ ይሆናል። ወላጅ ደግሞ ልጁን አያገባም። ሕጉን የሚፈታ ጳጳሱ ብቻ ነው። ጳጳሱ ያሉት ከተራራው ማዶ ነው። የፖስታ ሠረገላው ገና ማክሰኞ ይነሳል፤ ረቡዕ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ በጾም ጋብቻ የለም። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ሃምሳ አለቃው ድንበር ላይ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ሽቦ እያሰረ ነው፤ ለጠላት ተኳሽ ከዚያ የተመቸ ዒላማ የለም። ባለፈው ጦርነት ከሄዱት ሽቦ ዘርጊዎች የተመለሱት ስንት ናቸው? አዋላጇ ስማቸውን በጸሎቷ ስለምታነሳ ታውቃለች።

የቤተ ክርስቲያኑ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጥ የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ፣ ባሏ የሞተባት አንዲት ቀጭን ሴት፣ ለሙሽሮቹ መንበርከኪያ ቀይ ጨርቅ እያለበሰች ነበር። ምንጣፉ ከመንበሩ እስከ በሩ ተዘርግቷል። ሻማዎቹ ገና አልበሩም፤ ክራቸው ነጭ ነው።

«ይመልከቱልኝማ፣ እትዬ!» አለች ጠባቂዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «እንዲህ ያለ ሰርግ ከስንት ጊዜ ወዲህ! ሦስቴ ተጠይቆ አንድ ሰው ትንፍሽ ያላለበት። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ጊዜ ትዝ ይልዎታል? በሁለተኛው እሑድ ሰውየው ሌላ ሚስት አለችው ተብሎ ጉድ ሲፈላ?»

«ትዝ ይለኛል» አለች አዋላጇ።

«የናንተዋ ግን ንጹሕ። እግዜር ሲባርክ እንዲህ ነው።»

አዋላጇ ከመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ማን ያውቃል? ብላ አሰበች። ወንዙ ያውቃል፤ ወንዝ ደግሞ አይናገርም። ጀልባ ቀዛፊው ሞቷል። ያኔ ሕፃኗን በዘይት ቀብተው ሥርዐቱን የፈጸሙላት የቀድሞው ቆሞስም ሞተዋል። ሃምሳ አለቃው እንኳ የሚያውቀው ሞተች ብሎ ነው። እኔ ዝም ካልኩ አለቀ፤ ሆድ ይፍጀው። ነገ ይጋባሉ፤ አንድ ሌሊትም ቢሆን ባልና ሚስት ሆነው ያድራሉ።

ባልና ሚስት? ነገ ይህ ሁሉ ሻማ በርቶ፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ፣ በቤተ ክርስቲያን ሕግ የማይጸና ጋብቻ ሊሆን ነው። ሚጢጢ እንደ ቀለበት የምታጠልቀው ባዶ ነገር ሊሆን ነው። አውቃ የሰጠቻት ደግሞ አክስቷ። ስንቷን ወላድ፣ «አይዞሽ፣ ግፊ፣ ከውስጥ ያለው ካልወጣ አትድኚም» ስትል ኖራ ዛሬ ተራው የሷ ሲሆን እግሯን ገጥማ ልትቀመጥ? በራሷ አፈረች። ተነሥታ ቆሞሱ ወዳሉበት ዕቃ ቤት ሄደች።

ቆሞሱን ምእመናኑ አባ ቀስ በቀስ ይሏቸዋል። ሲራመዱ ቀስ፣ ሲናገሩ ቀስ፣ ሲቀድሱም ሕፃናት እስኪተኙ ቀስ ይላሉ። ነገሩን ሁሉ ሰሟት፤ አላቋረጧትም። ስታበቃ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በመሐረብ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። አዋላጇ ጠበቀች። ምነው መነጽሩ አንድ ዓይን ብቻ በሆነ!

«ያኔ የጥምቀቱን ቃል ሲል ሰምተሽዋል?»

«ወንዙ እንዴት ያስሰማል፣ አባ? ውሃውን ራሷ ላይ ሲያፈስ አየሁ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስም አየሁ። ለቀድሞው ቆሞስም ያየሁትን ነገርኳቸው፤ እሳቸውም ጎርፉ የበላውን ሰው ሁሉ ሲቀብሩ ስለነበር እሺ ብለው ዘይቱን ብቻ ቀቧት፤ እንደ ገና አላጠመቋትም።»

«እምም» አሉ አባ። ረጅም እምምታ ነበር። «ሃምሳ አለቃውን አስጠራዋለሁ። አንቺ እዚያ ጥግ ቁጭ ትያለሽ። አንዲት ቃል አትናገሪም፤ በዓይንሽም በሳልሽም ምልክት እንዳትሰጪ። ሕፃኗ ማን እንደሆነች ካወቀ የሚመቸውን ይናገራል። እኔ የምፈልገው የሚመቸውን ሳይሆን የሆነውን ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል።»

ጠባቂዋ ተላከች። ሃምሳ አለቃው መጣ። ቆቡን ብብቱ ውስጥ ይዞ፣ የአዋላጇን ፊት ሲያይ ደንግጦ፣ «ሚጢጢ ምን ሆነች?» አለ።

«ሚጢጢ ደኅና ናት» አሉ አባ። «ተቀመጥ። ጀልባ ላይ አጠመቅኳት ስላልካት ሕፃን ንገረኝ።»

ግራ ገባው። ቢሆንም ወታደር ነውና ታዝዞ ምሳ ላይ የተናገረውን ደገመ፤ ጣሳውን፣ ጩኸቱን፣ የጠቆረችውን ሕፃን። «ውሃውን በራሷ ላይ ሦስቴ አፈሰስኩ። ቃሉንም አልኩ» ብሎ ጨረሰ።

አዋላጇ ጥግ ላይ ሆና ጥፍሯን መዳፏ ውስጥ ቀበረች። አለቀ። ሰውየው በደንብ አጥምቋታል። ሰርጉ ቀረ። ለሚጢጢ ምን ብላ ልትነግራት ነው? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ልጅቱ ይህን ጊዜ ቤት ተቀምጣ አበባ እያሰረች ነው።

«ቃሉን በለው» አሉ አባ።

«አቤት?»

«ያኔ ያልከውን። የምታውቀውን አይደለም፤ ያኔ፣ ጀልባው ላይ፣ ከአፍህ የወጣውን።»

ሃምሳ አለቃው ቆቡን ከብብቱ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፣ እንደገና አነሳው። አባ ቀስ በቀስ አልቸኮሉም። ከውጭ ጠባቂዋ መጥረጊያዋን ድንጋይ ላይ ስታንኳኳ ይሰማ ነበር።

«ነገ በዚህ መንበር ፊት ቃል ልትገባ ነው፣ ልጄ» አሉት። «ከዛሬው ጀምር።»

የሰውየው ትከሻ ወረደ። ያ ሁሉ የናስ ቁልፍ የለበሰ ሰው በአንድ ጊዜ የጀልባው ጎረምሳ ሆነ።

«ጠፋብኝ፣ አባ» አለ። «ቃሉን ተምሬው ነበር። ሴትዮዋ ስትጮህብኝ፣ ደሙን ሳይ፣ ሁሉም ከራሴ ላይ ብን ብሎ ጠፋ። የመጣልኝ ጸሎት አንድ ብቻ ነው፤ እናቴ ምሳ ሳንበላ የምታስደግመን። እሱን አልኩት። ‹ጌታ ሆይ፣ ይህን ማዕድ ባርክ።›» ድምፁ ተሰበረ። «ለሚሞት ሕፃን! ውሃውን እያፈሰስኩ ‹ይህን ማዕድ ባርክ› አልኳት። ሳትጠመቅ ሞተች። አጠመቅኋት እያልኩ ለሰው ሁሉ ስናገር የኖርኩት ራሴን ላሳምን ብዬ ነው። አልተሳካልኝም። እስከ ዛሬ ማዕድ ሲባረክ አሜን ማለት አልችልም። ጉሮሮዬን ያንቀኛል።»

አዋላጇ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። የአባን ትእዛዝ ረሳችው።

«አባ፣ እውነቱን ነው! በማርያም፣ እውነቱን ነው! ስንት ጊዜ በቤቴ በልቷል፤ አንድም ቀን አሜን ሲል አልሰማሁትም። እኔ ከሃዲ መስሎኝ!»

አባ እጃቸውን አነሱ። ፊታቸው ላይ ግን ሳቅ የሚመስል ነገር ይተናነቃቸው ነበር። «በሉ እንግዲህ» አሉ፤ «ውሃ ያለ ቃሉ ውሃ ብቻ ነው። አላጠመቅሃትም፣ ልጄ። የመንፈስ አባቷም አይደለህም።»

«አውቃለሁ» አለ ሃምሳ አለቃው በዝግታ፤ የተፈረደበት መስሎት።

አዋላጇ ሄዳ ፊቱ ቆመች። ከዚያ ያንን ሰፊ ትከሻ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ያቺ የጮኸችብህ ሴትዮ እኔ ነኝ። ሕፃኗ አልሞተችም። ፊቷን የሸፈንኩት ዝናቡን ፈርቼ ነው።» እንባዋ ንግግሯን ቆረጠው። «ነገ ታገባታለህ፣ አንተ የማዕድ ባራኪ!»

ሰውየው መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ግን አልጮኸም፣ አልተነሣም። ቆቡን በፊቱ ላይ አድርጎ፣ በውስጡ እንደ ሕፃን አነባ። አዋላጇም በሥራዋ ብዙ የመጀመሪያ ልቅሶ ሰምታለችና ጀርባውን መታ መታ አድርጋ ጠበቀችው። ከመቼው እንደወደደችው እሷም አላወቀችም።

ደስታው ግን ዕድሜ አልነበረውም። አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንድ ነገር ቀረ» አሉ። «እሱ ካላጠመቃት፣ የቀድሞው ቆሞስም ዘይት ብቻ ከቀቧት፣ እንግዲያ ልጅቱን ማን አጠመቃት?»

አዋላጇ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሚጢጢ በመዘምራን ፊት የምትዘምረው፣ በየእሑዱ የምትቆርበው፣ ለሁለት ሕፃናት ክርስትና እናት የሆነችው፣ ሳትጠመቅ!

«ወይኔ ልጄን!» አለች። «አባ፣ ለዚህም ጳጳሱ ጋ ነው?»

አባ ቀስ በቀስ ያን ቀን ብቻ፣ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ማንም ባላየው ፍጥነት፣ ከወንበራቸው ተነሡ። «ለጥምቀት ጳጳስ አያስፈልግም!» አሉ። «ውሃ ነው የሚያስፈልገው። ሂጂና ልጅቱን አምጫት። ፎጣም ያዢ።»

ሚጢጢ ስትመጣ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘንብላ በመስኮቱ ባለቀለም መስታወት በኩል ምንጣፉ ላይ ወድቃ ነበር። የቤት ቀሚሷን እንደለበሰች ናት፤ ጣቶቿ በአበባ ግንድ አረንጓዴ ሆነዋል። አክስቷ መንገድ ላይ ሁሉንም ነግራታለች፤ ወንዙን፣ እናቷን፣ ጣሳውን። መጀመሪያ አለቀሰች፤ ለእናቷ። ከዚያ ዳቦ ቤቱ አካባቢ ሲደርሱ ድንገት ቆም ብላ፣ «እንግዲያ እስከ ዛሬ አረመኔ ነበርኩ ማለት ነው?» አለች። ከዚያ ወዲያ ሳቅና ልቅሶው ተቀላቅሎባት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ዘለቀ።

ሃምሳ አለቃውን በሩ አጠገብ አገኘችው። ለአፍታ እንደ እንግዳ ሰው ተያዩ።

«ውሃው ቀዝቃዛ ነበር?» አለችው።

«በጣም» አለ። «ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ባይቀዘቅዝብኝ መቼ አነጥስ ነበር» አለችና እጁን ጨበጥ አድርጋ አለፈች።

«አንተ» አሉት አባ ከመጠመቂያው ድንጋይ ገንዳ አጠገብ ሆነው፣ «እዚያው በሩ ላይ ቁም። እጅህን ወደ ኋላ! ማንቆርቆሪያውን እንዳትነካ፣ ጠብታም እንዳታቀብል። ክርስትና አባትም እንዳትሆን። ነገ የምትሆነው ባል ብቻ ነው።»

ሃምሳ አለቃው ተረከዙን አጋጭቶ እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። ጠባቂዋ ነገሩ ምን እንደሆነ ጨርሶ ሳይገባት ሻማ ለኮሰች፤ ለነገ ካስቀመጠቻቸው አንዱን። አዋላጇ እንደ ክርስትና እናት እጇን በልጅቱ ትከሻ ላይ ለማድረግ መንጠራራት ነበረባት። ሚጢጢ ጎንበስ አለችላት፤ ፀጉሯን ፈትታ በገንዳው ላይ አወረደችው።

አባ ወደ ቀድሞ ቀስታቸው ተመለሱ። አዋላጇ ግን በዚህ ጊዜ አልቸኮለችም። ያኔ ወንዙ የቀማትን ልትሰማ ጆሮዋን አቀረበች። ውሃው በጥቁሩ ፀጉር ላይ ወረደ።

«በአብ...» ሰማችው። እንደገና ወረደ። «በወልድ...» እሱንም ሰማችው። የሚጢጢ ትከሻ ከእጇ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ ውሃው ዛሬም ቀዝቃዛ ነው። «በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሻለሁ።»

አንዲት ፊደል አልጎደለችም። አዋላጇ አሜን ልትል አፏን ስትከፍት ግን ሌላ ሰው ቀደማት። ከበሩ በኩል፣ እጁን ወደ ኋላ እንዳጣመረ፣ ሃምሳ አለቃው ቤተ ክርስቲያኑ እስኪያስተጋባ ድረስ፣

«አሜን!» አለ።